አረንጓዴዋ ነጥብና የገብርኤል በረዶ

በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ ጎተራ ሥር ሁለት ጊዜ ተከስሼ አውቃለሁ። አንዱ ከሳሽ «ሥራ አትሠራም» አለ፤ ሌላው «ሥራ ስትሠራ ተገኝታለች» አለ። ሁለቱም ማስረጃ ነበራቸው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ካለ ይምጣና አብረን እናልቅስ፤ ከሌለ ደግሞ አረፍ በሉና ላጫውታችሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ከይጁቤ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄጃው መንገድ ዳር ነው። ደብረ ማርቆስ ተምሬ አዲስ አበባ ገባሁና ለመድኃኒት ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጠርኩ። ስምንት ነን። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሜን አሳጥረው «ትሪ» ይሉኛል። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት «ሊበሉብሽ ነው?» ብላ ተቆጥታ ነበር።

የዛሬ ዓመት ገደማ ቢሯችን ያለበት ሕንፃ ሊታደስ ነው ተባለና ሥራ አስኪያጃችን ዮናታን «ሁላችሁም ከቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ» አለ። በዚያው ሰሞን እናቴ አዳልጧት ወድቃ እግሯን ተሰበረች። ሌላ የሚያነሳት ሰው አልነበራትም። ከቤት ከተባለ የእኔ ቤት ይጁቤ ነው ብዬ ኮምፒውተሬን ታቅፌ አገሬ ገባሁ።

ችግሩ ኔትወርክ ነው። እቤት ውስጥ የለም፤ በረንዳው ላይ የለም፤ ግቢውን ሁሉ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ስዞር የተገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጎተራው ሥር። ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ በረጅም እንጨት ከጎተራው ክዳን በላይ ሰቀልሁት፤ እኔ ደግሞ ከሥሩ በርጩማ አስቀምጬ፣ ኮምፒውተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ጎተራው ደግሞ መንገዱን ፊት ለፊት ያያል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሁሉ እኔን ሳያይ አያልፍም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ሁሉም ደስ ይል ነበር። ከዚያ ዮናታንን ጥርጣሬ ገባው። ሰው ፊት ለፊት ካላየ አያምንም መሰለኝ፣ ኮምፒውተራችን ላይ አንድ ፕሮግራም አስጫነን። ማውሳችን ሲንቀሳቀስ ከስማችን ጎን አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፤ አምስት ደቂቃ ከቆመ ቀይ ትሆናለች። አንዱ ባልደረባችን ማውሱን ከቬንትሌተር ጋር አስሮ እየተኛ የወሩ ትጉህ ሠራተኛ ተባለ። እኔ ቬንትሌተር የለኝም። በዚያ ላይ ደመና በመጣ ቁጥር ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ ነጥቤ ትቀላለች። ጎጃም በነሐሴ ደመና የሌለበትን ቀን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ከባልደረቦቼ ጋር የነበረኝ ነገርም እንዲሁ ተበላሸ። ከሄለን ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተናል። አንድ ቀን የሆድ የሆዴን ረጅም መልእክት ጽፌ ብልክላት «እሺ» ብላ መለሰችልኝ። እሺ፤ ሌላ ምንም የለም። ቢሮ ቢሆን ፊቷን አይቼ ነገሩን እረዳው ነበር። ያቺን «እሺ» ግን ሦስት ቀን ሳገላብጣት ከርሜ ቁጣ ናት ብዬ ደመደምሁ። እኔም የአውራ ጣት ምልክት ላክሁላት። እሷም አውራ ጣት ላከች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር በአውራ ጣት ብቻ ተነጋገርን።

በመንደሩ በኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ልየው የሰው ሥራ መፍታት የሚያማቸው፣ ማሳቸውን እንደ ልጅ የሚያሳድጉ ሽማግሌ ናቸው። በሐምሌ መጨረሻ ለአረም ጠሩኝ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተረዳዳ በሚያርምበት ሰሞን እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ማለቴ አልተዋጠላቸውም።

«ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ» አልኋቸው።

«ቁጭ ብለሽ?»

«ቁጭ ብዬ።»

«ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ዳኝነት ብቻ ነው» ብለው ሄዱ። እኔም አረሙ ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ያቺ «ሥራ ላይ ነኝ» የምትል ቃሌ ወጥመድ ሆና እንደምትጠብቀኝ በምን ልወቅ!

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ዕለት ነው፤ የነሐሴ ገብርኤል። ዋዜማውን ዮናታን መልእክት ላከልኝ። ነገ ነጥብሽ አረንጓዴ ሆና እንድትውል እፈልጋለሁ፤ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ለብቻችን እንነጋገራለን፤ ነገሩ ካልተስተካከለ ወይ አዲስ አበባ ትመለሻለሽ ወይ እንለያያለን ይላል። እናቴ ገና በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሥራውን ትቼ ምን አበላታለሁ? እሷን ትቼስ ማን ያነሳታል? ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በእኛ አገር በበዓል ቀን ማሳ የነካ ሰው ጦሱ ለጎረቤት ይተርፋል ይባላል። ሰማዩ ይቆጣና በረዶ ይጥላል፤ በረዶው ደግሞ ጥፋተኛውን ለይቶ አይመታም። ስለዚህ የመንደሩ ሰው በዓል የሻረን ሰው የሚቀጣበት ስምምነት አለው። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግን ኮምፒውተር ከሞፈር ጋር ይቆጠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ከቅዳሴ ሲመለስ እኔ ጎተራዬ ሥር ተቀምጬ ነበር። ጋሼ ልየው ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶው መጣ። መጀመሪያ የሽንብራ ፍሬ ያህል ነበር፤ ቆይቶ የባቄላ ፍሬ አከለ። ጋሼ ልየው በኋላ ሲናገሩ የዶሮ እንቁላል አድርሰውታል። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም፤ ግን የሳቸውን የጤፍ ማሳ ግማሹን ጭቃ ላይ አስተኝቶት ሄደ። ከጎን ያለውን የእኛን ማሳ ከድንበሩ ላይ ቆሞ በአጥር ልክ ትቶታል። ይህን ባየሁ ጊዜ ምነው የእኛንም በመታልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጎተራዬ ሥር ተቀመጥሁ። ዮናታን ስክሪኑ ላይ መጣ። ፊቱ ተኮሳትሯል። ገና «እንዴት አደርሽ» ሳይለኝ የግቢው በር ተከፈተና መምሬ አዳሙ፣ የደብራችን ቄስ፣ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ጋሼ ልየው ናቸው። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ወሬ የናፈቀው የመንደሩ ሰው ሁሉ።

በእጄ ትንሽ ቆዩኝ ብዬ ብለምናቸው መምሬ «አይዞሽ፣ ጨርሺ፤ እኛ አንቸኩልም» ብለው ከጎተራው ሥር ካለው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ልየውም ተቀመጡ። ዳኝነት ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነውና። እናቴ ምርኩዟን ይዛ እያነከሰች ወጣች። እኔ ኮምፒውተሩን በርጩማው ላይ አድርጌ የመምሬን መስቀል ለመሳለም ስራመድ የማዳመጫው ገመድ ተመዘዘ፤ የዮናታንም ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«ትሪ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ትሠሪያለሽ? አንቺ እዚያ ሆነሽ ሥራ የምትሠሪ አይመስለኝም።»

ጋሼ ልየው ከተቀመጡበት ተነሱ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ቁጣ አላየሁባቸውም። ሰውየው ሊያስቀጡኝ ነበር የመጡት፤ ሥራ አትሠራም ከተባለ ደግሞ ክሳቸው ሁሉ ባዶ ሊቀር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሰው አፍንጫቸውን ከስክሪኑ አስጠጉ።

«አንተየ፣ ይች ልጅ አትሠራም ያለህ ማነው? በአቦ ሠርታለች። በሥላሴ ሠርታለች። በሚካኤል ዝናብ እየዘነበባት ጃንጥላ ይዛ ሠርታለች። ትናንት በገብርኤል ከቅዳሴ መልስ ጀምራ በረዶው እስኪጥል ቀና አላለችም። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ሥራ ላይ ነኝ ያለችኝም ራሷ ናት።»

ዮናታን ግራ ገብቶት «እርስዎ ማን ነዎት?» አለ።

«ከሳሽ ነኝ» አሉ ጋሼ ልየው።

ዮናታን ብዕር አነሳ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንዳዩኝ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም በጥላ ልክ፣ በደወል ልክ፣ በከብት መመለሻ ልክ እየቆጠሩ ነገሩት። ያ ፕሮግራም በስድስት ወር ያልያዘውን መዝገብ ጋሼ ልየው በቃላቸው ያዙት። የዮናታን ፊት እየተፈታ ሲሄድ አየሁ። በመንደር ብቀጣም በሥራዬ ዳንሁ ብዬ ሳላበቃ እናቴ ምርኩዟን አነሳች።

«ሐሰት ነው!» አለች። «ልጄ በበዓል ሥራ ነክታ አታውቅም። በበዓልም ባዘቦትም ምንም አትሠራም። ቁጭ ብላ ስትጫወት ነው የምትውል። እኔ እናቷ ምስክር ነኝ።»

ዮናታን ብዕሩን አስቀመጠ።

እስቲ ፍረዱኝ። የወለደችኝ እናቴ ላድናት ብላ እንጀራዬን ልትቆርጥ፣ የከሰሱኝ ጎረቤት ላስቀጣት ብለው እንጀራዬን ሊያተርፉ። ጋሼ ልየው አንድ ቀን በጨመሩ ቁጥር እናቴ አንድ ቀን ትቀንሳለች። እሳቸው «በማርያም!» ሲሉ እሷ «ተኝታ ነበር!» ትላለች። ዮናታንም ይጽፋል፣ ይሰርዛል። በመንደሩ ሰው መሀል ሳቅ ተጀመረ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ማንኛቸውም ቢረቱ የምሸነፈው እኔ ነኛ።

መምሬ አዳሙ እጃቸውን አነሱና ሁሉም ዝም አለ። ስክሪኑም ጭምር።

«ከሳሽም ይቆይ፣ እናትም ትቆይ» አሉ። «ባለቤቷ እያለች ምን ምስክር ያስፈልጋል። ልጄ፣ ትናንት ሠርተሻል ወይስ አልሠራሽም?»

ሠርቻለሁ ብል የበረዶው ተጠያቂ ነኝ። አልሠራሁም ብል ሥራዬን ተነጠቅሁ። ሁለቱንም የሚያስደስት ውሸት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ካጣሁ አይቀር እውነቱን ልናገር አልሁ።

«መምሬ፣ ትናንት አልሠራሁም» አልሁ። «ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር አንድም ሥራ አልከፈተልኝም። ነጥቧ እንዳትቀላ ብዬ ግን ከጠዋት እስከ በረዶው ይቺን ነገር ወዲያና ወዲህ ሳንቀሳቅስ ዋልሁ።» ማውሱን አነሳሁና አሳየኋቸው።

መምሬ ማውሱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ለጋሼ ልየው አቀበሏቸው። ጋሼ ልየውም አገላብጠው አይተው፣ አሽትተው መለሱልኝ።

«እንግዲያ» አሉ መምሬ በቀስታ፣ «በዓሉንም አላከበርሽ፣ ሥራውንም አልሠራሽ።»

ከዚያን ቀን በፊትም በኋላም እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ስድስት ወር ሙሉ እንዲያ ነበር የኖርሁት። ዕረፍቴን ሥራ፣ ሥራዬን ማስመሰል አድርጌው። አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ ከበርጩማው ላይ የዮናታን ድምፅ መጣ፤ የቅድሙ ቁጣ አልነበረበትም።

«አባ፣ እኔም ከእሷ አልሻልም» አለ። «ጠዋት ተነስቼ የሰባት ሰው ነጥብ ማየት እጀምራለሁ፤ አንዷ ስትቀላ እናደዳለሁ፣ ስትበራ ደግሞ እውነቷን ነው ወይ እላለሁ። የራሴን ሥራ ከሠራሁ ቆየሁ።»

መምሬ ብዙም አላመነቱ። በዓል ያሻረ ከሻረው እኩል ነው ብለው ፈረዱ። ትርንጎ አንድ ቀን የጋሼ ልየውን የተረፈ ጤፍ ታርም፤ አለቃዋም መጥቶ አብሮ ያርም። ዮናታን ሳቀ። ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ ዝም አለ።

«እመጣለሁ» አለ ቆይቶ። «መጥቼ በዓይኔ አይና ስለ እሷ መመለስ ያን ጊዜ እወስናለሁ። ነገ ብመጣስ?»

«ነገ ማርያም ናት» አሉ መምሬ።

«ከነገ ወዲያ?»

«ቀዳሚት ሰንበት።»

«እሑድን ተዉት፤ ሰኞ?»

«ተክለ ሃይማኖት።»

ዮናታን ተንፍሶ «ታዲያ እናንተ መቼ ነው የምትሠሩት?» አለ።

ጋሼ ልየው በትዕግሥት መለሱለት። «ስንሠራ እንሠራለን፤ ስናርፍ እናርፋለን። ማክሰኞ ና።»

በእነዚያ አራት ቀናት እንቅልፍ አልነበረኝም። ዮናታን ሲመጣ ጎተራውን፣ እንጨት ላይ የተሰቀለውን ስልክ፣ በርጩማውን አይቶ «ይህ ነው ቢሮሽ?» ብሎ ሻንጣዬን የሚያስይዘኝ መሰለኝ። እናቴ አንድ ቀን «ብትሄጂም አልቀየምሽም» አለችኝ፤ ብትቀየመኝ ከሚያመኝ በላይ አመመኝ።

ሰኞ ማታ ደብረ ማርቆስ አድረው ማክሰኞ በማለዳ ደረሱ። ዮናታን ብቻውን አልመጣም፤ ከስምንታችን አምስቱ ተከትለውታል። ሄለንም አለችበት። ዓባይ በረሃን ሲወርዱና ሲወጡ ሆዷ ተገልብጦ ደጀን ላይ ሲቆሙ ነው ነፍሷ የተመለሰችው። ተቃቅፈን ስናበቃ ስለዚያች «እሺ» ጠየቅኋት። መጀመሪያ ምን እንደምል አልገባትም። ሲገባት «እጄ እኮ ሊጥ ነበር፤ በአንድ ጣቴ ነው የጻፍሁት» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ የተኳረፍሁት ከሊጥ ጋር ነበር።

ማሳው ላይ ተሰለፍን። ባለ ቬንትሌተሩ ባልደረባችን የገበሬ ልጅ ኖሮ ሁላችንንም ጥሎን ሄደ። ለካ እቤቱም የቀኑን ሥራ በሁለት ሰዓት ጨርሶ ነበር የሚተኛው። ሄለን እየተንፏቀቀች፣ እያወራች አረመች። እኔም ወገቤ እስኪቆረጥ አረምሁ፤ ጋሼ ልየውን የሸሸሁትን የሐምሌውን ጭምር።

ዮናታን ግን ጉድ ሠራ። ከሁሉም ቀድሞ ጫፍ ደርሶ፣ ላቡን እየጠረገ «ጨረስሁ!» አለ። ጋሼ ልየው መጥተው መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት። ጤፍና ሣር ገና ሳያፈራ ላላወቀው ሰው አንድ ነው። ዮናታን ጤፉን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ አረሙን ተራውን አስጠብቆ ትቶታል።

ጋሼ ልየው ጎንበስ ብለው ከተነቀለው ጤፍ አንዱን አነሱ። «በረዶው እንኳ ይኸን ትቶልኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ መምሬ ዞሩ። «መምሬ፣ ይኸ ሰው ከቤቱ ሁኖ ቢሠራ ነው የሚሻል።»

ማሳው በሳቅ ተናጋ። መምሬ መስቀላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ተንፈቀፈቁ። ዮናታን የነቀለውን ጤፍ በእጁ እንደያዘ እኔን አየኝ፣ ጎተራውን አየ፣ እዚያ በር ላይ ምርኩዟን ተደግፋ የቆመችውን እናቴን አየ። «ትሪ፣ አንቺም ከቤትሽ ሥሪ» አለኝ። ጭቃ በነካው እጄ አቀፍሁት። እናቴ ከሩቅ ምን እንደተባለ ባትሰማም እልል አለች።

ነጥቧ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የለችም። አሁን ጠዋት ምን እንደምንሠራ እንነጋገራለን፣ ማታ የሠራነውን እናሳያለን፤ መሀሉን ማንም አያይም። በበዓል ቀን ኮምፒውተሬ ተዘግቶ ይውላል፤ የጎደለውን ባዘቦቱ እተካለሁ። ደግሞ ከሄለን ጋር ጥርጣሬ የገባን ቀን እንደዋወላለን እንጂ አውራ ጣት አንላላክም። እናንተም ከቤት የምትሠሩ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ የወዳጃችሁን አጭር መልስ ቁጣ ነው ከማለታችሁ በፊት እጁ ምን እንደያዘ ጠይቁት። ለአለቆች የምለው የለኝም፤ መምሬ ብለውታል።

በረዶውን የጣለው እኔ ነኝ ወይ የሚለው ግን እስካሁን አልተፈታም። በመስከረም ማርያም ዕለት ደግሞ ድጋሚ ጣለ። ጋሼ ልየው እየሮጡ መጡ። እኔ በነጠላዬ ተጠቅልዬ ከእናቴ ጋር ተቀምጫለሁ፤ ኮምፒውተሬ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑን ከፍተው አዩት፤ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ አሰቡና ስልኬን ተቀብለው ዮናታን ጋ አስደወሉኝ።

«ዛሬ ማን ሠራ?» አሉት።

በዚያ በኩል የኮምፒውተር ክዳን ሲከደን ተሰማ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ዮናታን።

ማክሰኞ ይመጣል።